ቀበሪቾ በብልቃጥ

ቀበሪቾ የሚፈለገው ለሥሩ ነው። በደጋና በወይና ደጋ የሚበቅለው ይህ እሾሃማ ተክል ቅጠሉና አበባው ለገበያ አይወጣም፤ መርካቶም ሆነ የገጠር ገበያ የሚደርሰው ተቆፍሮ የወጣው ወፍራም ሥሩ ብቻ ነው። ሥሩ ፍም ላይ ተደርጎ ይታጠናል፤ ለራስ ምታት፣ ለሳል፣ ለምች፣ ለአራስ ቤት፣ አንዳንድ ቦታም እባብ ለማራቅ። ሥሩ ሙሉ በሙሉ ሲነቀል ግን ተክሉም አበቃለት። ዘሩን ሳይጥል የተቆፈረ ቀበሪቾ ምትክ አይተውም። ከኢትዮጵያ ውጭ በተፈጥሮ የማይገኝ በመሆኑ ደግሞ እዚህ ከጠፋ ከሌላ አገር አምጥቶ መተካት አይቻልም።

በኢትዮጵያ ለመድኃኒትነት እንደሚውሉ የተመዘገቡት ዕፅዋት ከ800 በላይ ናቸው። ጤና አዳም፣ ዳማከሴና መሰሎቻቸው በጓሮ ይተከላሉ፤ የሚበዙት ግን ከጫካ፣ ከገደልና ከአጥር ጥግ የሚለቀሙ ናቸው። ቅጠሉ የሚቀጠፍ ተክል መልሶ ያቆጠቁጣል። ሥሩ የሚነቀል ወይም ልጡ ዙሪያውን የሚላጥ ግን ማገገሚያ ፋታ የለውም። እንግዲያው ይተከል ማለት ቀላል ነው፤ ብዙዎቹ የዱር መድኃኒቶች ግን በቀላሉ አይለምዱም። የአንዱ ዘር ከደረቀ አይበቅልም፣ የሌላው ለመብቀል ወራት ያስጠብቃል፣ ቅርንጫፉ ቢተከል ሥር የማይዝም አለ። ቲሹ ካልቸር የሚባለው የቤተ ሙከራ ዘዴ የሚያስፈልገው እንዲህ ላሉት ነው። ከተክሉ የተቆረጠ ትንሽ አካል ከጀርም በጸዳ ብልቃጥ ውስጥ፣ ተመጥኖ በተዘጋጀ ምግብ ላይ ተቀምጦ ወደ ብዙ ችግኝ ይባዛል።

ዘዴው የቆመው በተክል ህዋስ አንድ ልዩ ባሕርይ ላይ ነው። የቅጠል ወይም የግንድ ህዋስ የሥራ ድርሻው ተወስኖ ቢኖርም ሙሉ ተክል ለመሥራት የሚያስፈልገውን መመሪያ በውስጡ እንደያዘ ይቆያል። ሁኔታው ከተመቻቸለት ሥርም፣ ግንድም፣ ቅጠልም ሊያወጣ ይችላል። ህዋስን ነጥሎ የማሳደግን ሐሳብ በ1902 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ኦስትሪያዊው ጎትሊብ ሃበርላንት ነበር። ለራሱ ግን አልሠመረለትም፤ ከቅጠል የለያቸው ህዋሳት ለሳምንታት በሕይወት ቆዩ እንጂ አልተከፋፈሉም። የጎደለው ህዋስን እንዲከፈል የሚያዝ ኬሚካል፣ ማለትም ሆርሞን ነበር። የዚያ ዋናው ክፍል እስኪገኝ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ።

ሲገኝም የተገኘው ማንም ባልጠበቀው ቦታ ነው። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ በፎልክ ስኩግ ቤተ ሙከራ፣ ካርሎስ ሚለር የትንባሆ ህዋሳትን የሚያራባ ንጥረ ነገር ሲፈልግ ከሄሪንግ ዓሣ የዘር ፈሳሽ የወጣ ዲኤንኤ ያለበት አሮጌ ጠርሙስ አገኘና ሞከረው። ህዋሳቱ ተባዙ። አዲስ ጠርሙስ ተገዝቶ ሲሞከር ግን ምንም ለውጥ አልታየም። አዲሱ በኦቶክሌቭ፣ በእንፋሎት ግፊት ሲቀቀል እንደገና ሠራ። ዲኤንኤው ሲያረጅ ወይም በሙቀት ሲፈራርስ የሚፈጠረው ይህ ውህድ ካይኔቲን ተብሎ በ1955 እ.ኤ.አ. ይፋ ሆነ፤ ሳይቶካይኒን የሚባሉት ሆርሞኖች በር ከፋችም ሆነ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ስኩግና ሚለር ዛሬም በየቤተ ሙከራው የሚሠራበትን ሕግ አሳዩ። ከምግቡ ውስጥ ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን ሲያመዝን ቁራጩ ሥር ያወጣል፤ ሳይቶካይኒን ሲያመዝን ቡቃያ ያወጣል፤ ሁለቱ ሲቀራረቡ ደግሞ ካለስ የሚባል፣ ሥርም ቅጠልም ያልሆነ ድብልብል የህዋስ ክምር ይሆናል። በ1962 እ.ኤ.አ. ያው ስኩግ ከቶሺዮ ሙራሺጌ ጋር ለትንባሆ የቀመሩት የምግብ ዝርዝር ታተመ። በሁለቱ ስም የመጀመሪያ ፊደላት ኤምኤስ እየተባለ እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከሁሉም በላይ የሚሠራበት እሱ ነው።

ምግቡ ሲታይ ተራ ነገር ይመስላል። በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ ናይትሮጅን፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ብረትና ሌሎች ማዕድናት፣ ጥቂት ቫይታሚን፣ 30 ግራም ስኳርና ከባሕር አረም የሚወጣ 7 ወይም 8 ግራም አጋር ይገባል። አጋሩ ፈሳሹን እንደ ጀላቲን ያረጋዋል። ስኳሩ የሚያስፈልገው በብልቃጥ የታሸገው ቁራጭ ከብርሃን የራሱን ምግብ በበቂ ሁኔታ መሥራት ስለማይችል ነው። ፒኤቹ 5.8 ገደማ እንዲሆን ይስተካከላል፤ ከዚያ በጣም ከወረደ አጋሩ አይረጋም። ሆርሞኑ የሚመዘነው በሚሊግራም ነው፤ በሊትር ግማሽ ሚሊግራም መጨመር ወይም መቀነስ ውጤቱን ሊለውጠው ይችላል። የአንድ አዲስ ተክል ጥናት ብዙውን ጊዜ ወራትና ዓመታት የሚፈጀውም ይህን ልክ ለማግኘት ነው፤ ለኮሶ የሠራው ልክ ለእንዶድ አይሠራምና። በመጨረሻም ምግቡ በየብልቃጡ ተቀድቶ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ይቀቀላል። ስኳር ያለበት እርጥብ ምግብ ለሻጋታ ድግስ ነው፤ አንዲት የሻጋታ ዘር ከገባች በሳምንት ውስጥ ብልቃጡን ትሞላዋለች።

ትልቁ ጣጣ ከጫካ የመጣን ተክል ማጽዳት ነው። በደንብ የሚሠራ ቤተ ሙከራ እናት ተክሉን በቀጥታ ከጫካ አያመጣም፤ አስቀድሞ በጥላ ቤት በማሰሮ ይተክላታል፣ ውሃውን ከሥሯ እንጂ ከላይ አያፈስባትም፣ ፀረ ሻጋታ ይረጫታል። ከዚያ አንጓ ያለበት፣ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር የሚሆን የለጋ ግንድ ቁራጭ ይወሰዳል። ቁራጩ በሳሙናና በቧንቧ ውሃ ይታጠባል፣ 70 በመቶ አልኮል ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ይነከራል፣ ቀጥሎ ጥቂት የሳሙና ጠብታ በገባበት በቀጠነ በረኪና ውስጥ ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ደቂቃ እየተነቀነቀ ይቆያል። በረኪናው ለቤት ልብስ የሚገዛው ዓይነት ነው። ጠንከር ካለ ለጋው ቡቃያ ይነጣል፣ ይሞታል፤ ከሳሳ ጀርሙ ይተርፋል። የሥር ቁራጭ ደግሞ ለዓመታት አፈር ውስጥ ስለኖረ ላይ ላዩ ቢጸዳ እንኳ ውስጡ ባክቴሪያ አያጣም። የቀበሪቾ ብዜት ከገበያው ሥር ሳይሆን ከለጋ ቡቃያ ወይም በንጹህ ምግብ ላይ ከበቀለ ዘር ቢጀመር የሚሻለው ስለዚህ ነው።

የታጠበው ቁራጭ የሚቆረጠውና በብልቃጥ የሚቀመጠው የተጣራ አየር ወደ ሠራተኛው በሚነፍስበት ልዩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሠራተኛው እጁን በአልኮል ያብሳል፣ ወረንጦና ምላጩን በእሳት ያቃጥላል፣ ያቀዘቅዛል፣ በበረኪና የነጣውን የቁራጩን ጫፍ ይቆርጥና አንጓውን አጋሩ ላይ ያቆመዋል። የብልቃጡ አፍ ለአፍታ በእሳት ተለብልቦ ይዘጋል። ከዚህ በኋላ ብልቃጡ 25 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ክፍል፣ በቀን 16 ሰዓት መብራት እየበራለት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የሥራው ጥራት ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ይታወቃል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ጸጉር መሳይ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ በቁራጩ ግርጌ ወተት የመሰለ ቀለበት ከታየ ባክቴሪያ ነው። ሁለቱም ሳይከፈቱ ወደ ኦቶክሌቭ ተመልሰው ይቀቀላሉ። በመጀመሪያው ዙር ግማሹ ቢበላሽ የሚደነግጥ የለም።

የተረፈው አንጓ ሳይቶካይኒን ባለበት ምግብ ላይ ብዙ ቡቃያ ያወጣል። በየሦስት እስከ አምስት ሳምንቱ ቡቃያዎቹ እየተለያዩ አዲስ ምግብ ላይ ይዛወራሉ። አንዱ ቡቃያ በየወሩ አራት ቢሆን፣ በስድስት ወር 4096፣ በአሥር ወር ከሚሊዮን በላይ ይደርሳል። ይህ ስሌት በወረቀት ላይ እንጂ በመደርደሪያ ላይ እንዲህ በንጽህና አይገኝም፤ ብልሽት አለ፣ የቦታና የሰው እጥረት አለ፣ ተክሉም ይደክማል። ቢሆንም ከአንድ ዛፍ በዓመት ጥቂት ዘር ከመልቀም ጋር የሚነጻጸር አይደለም።

ቡቃያው ሲበቃ ኦክሲን ወዳለበት፣ ማዕድኑ ብዙ ጊዜ በግማሽ ወደተቀነሰ ምግብ ይዛወርና ሥር ይይዛል። ከዚያ ከብልቃጥ ይወጣል፤ ብዙ ችግኝ የሚያልቀውም በዚህ ጊዜ ነው። በታሸገ፣ እርጥበቱ ሙሉ በሆነ አየር ያደገ ቅጠል ውሃ እንዳይተን የሚከላከለው የሰም ልባስ አልደደረበትም፤ ቀዳዳዎቹንም በደንብ መዝጋት አልለመደም። በቀጥታ ወደ ሜዳ ቢወጣ በሰዓታት ይጠወልጋል። ስለዚህ ከሥሩ ላይ አጋሩ በለብታ ውሃ ታጥቦ ይወገዳል፣ ስኳር የቀረበት ሥር ይሻግታልና። ችግኙ በተቀቀለ አሸዋ፣ አፈርና ብስባሽ ድብልቅ ላይ ተተክሎ በፕላስቲክ ይሸፈናል። ፕላስቲኩ ከሳምንት በኋላ ይበሳል፣ ቀዳዳው ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ ወር ሲሆነው ይነሳል። ቡቃያ በማብዛት የተሳካላቸው ብዙ ጥናቶች እዚህ ደረጃ ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ፤ አንባቢው ሊጠይቅ የሚገባው በብልቃጥ ስንት ተባዛ ብሎ ሳይሆን ስንቱ አፈር ላይ ተረፈ ብሎ ነው።

እስከዚህ ያለው ለሙዝም፣ ለሸንኮራ አገዳም የሚሠራ ነው። መድኃኒት ተክልን ልዩ የሚያደርገው ራሱ መድኃኒቱ ነው። ብዙዎቹ ፌኖል የሚባሉ ውህዶች በብዛት አሏቸው። ግንዱ ሲቆረጥ እነዚህ ይፈሳሉ፣ ከአየር ጋር ተገናኝተው ይጠቁራሉ፣ አጋሩን እንደ ሻይ ያቀልሙታል፣ ከዚያም ተመልሰው ቁራጩን ራሱን ይመርዙታል። ሰው ተክሉን የሚፈልግበት ኃይል ብልቃጥ ውስጥ ጠላት ይሆናል። በተለይ እንደ ኮሶና ጥቁር እንጨት ያሉ የዛፍ ዓይነቶች በዚህ ያስቸግራሉ። መከላከያው ምግቡ ውስጥ ከሰል ዱቄት ወይም ቫይታሚን ሲ መጨመር፣ ቁራጩን ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በጨለማ ማቆየት፣ ጥቁረቱ እንደታየም በየሁለት ሦስት ቀኑ ወደ አዲስ ምግብ ማዛወር ነው። ከሰሉም ዋጋ ያስከፍላል፤ መርዙን ሲጠጣ ሆርሞኑንም አብሮ ይጠጣዋል።

ኮሶ ለዚህ ዘዴ የሚመረጥበት ሌላ ምክንያትም አለ። ኮሶ ወንዴና ሴቴ ዛፉ የተለያየ ነው፤ ለትል መድኃኒትነት የሚፈለገው የሴቴው ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ነው። ከዘር የበቀለ ችግኝ ወንዴ ይሁን ሴቴ እስኪያብብ በዓይን አይታወቅም፣ ያ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ከሴቴ ዛፍ አንጓ የተባዛ ችግኝ ግን ከመጀመሪያው ሴቴ ነው። የእንዶድ ታሪክ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን የሚገድለው የፍሬው ሳፖኒን መሆኑ ታወቀ፤ ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከብዙ የእንዶድ ዓይነቶች መካከል ጥሩ ምርትና ጠንካራ ኃይል ያለውን፣ ዓይነት 44 የሚባለውን መረጡ። ሁለቱ በ1989 እ.ኤ.አ. በስዊድን የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አግኝተዋል። እንዲህ በልፋት የተመረጠ ዓይነት በዘር ሲዘራ ከሌላ ጋር ተዳቅሎ ይበታተናል፤ ባሕርይውን ሳይለቅ ማባዛት የሚቻለው ከአካሉ ቆርጦ ነው። እንዶድ ከግንድ ቁራጭም ስለሚይዝ ለጥቂት ተካይ ቤተ ሙከራ ብክነት ነው፤ ለሰፊ ማሳ በአጭር ጊዜ ብዙ ችግኝ ሲፈለግ ግን ብልቃጡ ይቀድማል።

ጥቁር እንጨት የሚባለው ዛፍ ችግሩ ከአገር የሰፋ ነው። ከልጡ የሚወጣው መድኃኒት ለፕሮስቴት እብጠት በአውሮፓ ይሸጣል፤ በካሜሩንና በማዳጋስካር ልጡ ያለ ገደብ ሲላጥ ኖሯል። የዱር ዕፅዋትና እንስሳት ንግድን የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1995 እ.ኤ.አ. ዛፉን በቁጥጥር ሥር አስገባው። ዘሩ ከደረቀ በኋላ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ስለሚያጣ እንደ እህል በማኅደር ማቆየት አይመችም።

አንድ ተክል መልኩን ጠብቆ ተባዛ ማለት መድኃኒቱን ጠብቆ ተባዛ ማለት እንዳልሆነ ግን ደጋግሞ መታየት አለበት። የቀበሪቾ ሥር ሽታና ኃይል ከያዛቸው ውህዶች አንዱ ዲሃይድሮኮስተስ ላክቶን ይባላል። ተክሎች እንዲህ ያሉ ውህዶችን የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ለመከላከያ ነው፤ ነፍሳት ሲበሏቸው፣ ድርቅ ሲያገኛቸው፣ አካላቸው ሲጎለምስ። በሞላ ምግብ፣ ጠላት በሌለበት ብልቃጥ ያደገ ቡቃያ ይህን ለመሥራት ምክንያት የለውም። ስለዚህ መለኪያው ማሳ ላይ ከጎለመሰ በኋላ የሚወሰድ ናሙና ነው። በካለስ በኩል የተባዛ ተክል ደግሞ በተለይ ይጠረጠራል። የህዋሱ ክምር በተራባ ቁጥር በውርስ ባሕርይው ላይ ለውጥ ሊገባ ይችላል፤ መልኩ ከእናቱ ጋር አንድ ሆኖ የውህዱ መጠን ሊለያይ ይችላል። ለመድኃኒት ችግኝ በቀጥታ ከአንጓና ከቡቃያ ጫፍ መነሳት የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ተክሉን ጨርሶ ትቶ ህዋሱን ብቻ በማሳደግ መድኃኒት የማውጣቱ መንገድም ተሞክሯል። ለመጀመሪያ ጊዜ በንግድ ደረጃ የተሳካው በጃፓን ነው፤ ሚትሱይ የተባለው ኩባንያ በ1983 እ.ኤ.አ. ሺኮኒን የተባለውን ቀይ ውህድ፣ በባህሉ ከአንድ ተክል ሥር ተቆፍሮ ይወጣ የነበረውን፣ በጋን ውስጥ ካደገ ህዋስ ማምረት ጀመረ፤ ለከንፈር ቀለምም ዋለ። ከዚህ የሚበልጠው የፓክሊታክሰል ነው። ይህ የካንሰር መድኃኒት መጀመሪያ የተገኘው በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ከሚበቅለው የፓስፊክ ዩ ዛፍ ልጥ ነው። ዛፉ በጣም ዝግ ብሎ ያድጋል፤ ልጡ ሲላጥ ይሞታል፤ በልጡ ውስጥ ያለው መድኃኒትም ኢምንት ነው። መድኃኒቱ በ1992 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሲፈቀድ ከዛፉ እጥረት ጋር ትልቅ ክርክር አብሮ ተነሳ። ቀስ በቀስ ከሌላ የዩ ዝርያ ቅጠል የሚወጣ ውህድን በኬሚስትሪ መለወጥ፣ ኋላም የዛፉን ህዋስ በአሥር ሺዎች ሊትር በሚይዙ ጋኖች ማሳደግ የልጡን ቦታ ተኩ። እንዲህ ያለው ፋብሪካ የሚያዋጣው ግን ኪሎው እጅግ ውድ ለሆነ መድኃኒት ነው፤ ለሚታጠን ሥር ወይም ለሚፈላ ቅጠል ማንም ጋን አይተክልም።

በኢትዮጵያ የቲሹ ካልቸር ልምድ ያደገው በምግብና በገበያ ሰብሎች ነው። የጅማ፣ የመልካሳና የሆለታ የምርምር ማዕከላት ለሙዝ፣ ለእንሰት፣ ለቡና፣ ለአናናስና ለድንች ሠርተዋል። የኮሶና የቀበሪቾ ጥናት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተካሂዷል፤ የወንዶ ገነት ማዕከል ደግሞ መዓዛማና መድኃኒት ዕፅዋትን በማሳ ያጠናል። ዝንጅብል በመድኃኒትና በቅመም መካከል ያለ ነውና ትምህርት ይሰጣል። በ2012 እ.ኤ.አ. አካባቢ በደቡብ ኢትዮጵያ የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ የዝንጅብል ማሳዎችን አወደመ። ዝንጅብል የሚተከለው ካለፈው ዓመት ምርት በተቆረጠ ሥር መሳይ ግንዱ ስለሆነ ገበሬው በሽታውንም አብሮ ይተክለዋል። ከቡቃያ ጫፍ በብልቃጥ የተባዛ ንጹህ ችግኝ ይህን ሰንሰለት ይበጥሳል። ንጹሑ ችግኝ በሽታው ባለበት አፈር ላይ ቢተከል ግን ተመልሶ ይታመማል።

ዋጋው ቀላል አይደለም። አጋሩ፣ ሆርሞኑና ማዕድኑ በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ መብራት ሲጠፋ የማቀቀያውም፣ የንጹህ አየር ጠረጴዛውም፣ የማደጊያ ክፍሉም ሥራ ይቆማል። አጋርን ለመተካት ከተሞከሩት መካከል የእንሰቱ ቡላ ይገኝበታል፤ ለአናናስ ብዜት ተፈትኖ ማርጋት እንደሚችል ታይቷል። ቡላ እንደ አጋር ጥርት ያለ ስላልሆነ ብክለቱን ቶሎ ማየት ያስቸግራል፤ ወጪውን ግን ይቀንሳል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚገባው ለማን እንደሆነ መለየት ያሻል። ጤና አዳምም ሆነ ዳማከሴ ቅርንጫፉ ተሰብሮ ቢተከል ይይዛል፣ ጦስኝም ተገንጥሎ ይተከላል፤ እነዚህን ብልቃጥ ውስጥ ማስገባት ገንዘብ ማባከን ነው። ዘዴው የሚያስፈልገው ሥሩ ለሚነቀል፣ ዘሩ ለማይቆይ፣ ፆታው ለሚለይ፣ ወይም በበሽታ ለተበከለ ተክል ነው።

ቤተ ሙከራው ከማባዛት ሌላ የማቆያ ሥራም አለው። ምግቡና ሙቀቱ ሲቀነስ ቡቃያው ዝግ ብሎ ያድጋል፤ በየወሩ መዛወሩ ቀርቶ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ለረጅም ዘመን ሲታሰብ የቡቃያ ጫፍ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ በ196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ይቀመጣል፤ ለየተክሉ የማድረቂያና የማቅለጫ ሥርዓቱ ለብቻው ይጠናል። በሁለቱም መንገድ የሚቆየው የተወሰደው ናሙና ብቻ ነው። ከአንዲት እናት የተባዙ አሥር ሺህ ችግኞች ለበሽታም ለድርቅም እኩል የተጋለጡ ናቸው። ስለዚህ ናሙናው ከተለያየ አውራጃና ከፍታ፣ ከብዙ እናት ዛፎች ይሰበሰባል፤ በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይም የተወሰደበት ቦታ፣ ቀኑ፣ የእናቱ መለያ ቁጥርና እንደ ኮሶ ላለው ደግሞ ፆታው ይጻፋል።